የዳርቻ ከበባ በምሳ ጠረጴዛ ላይ

ሃምሳ ሦስት ዓመት የሞላው፣ በየማለዳው መቶ አርባ አውቶቡስ በፊርማው የሚያስወጣ ሰው፣ እሑድ እሑድ ምሳ ጠረጴዛ ላይ የልብስ ቁልፍና ምስር ደርድሮ በከዋክብት መካከል ጦር ያዋጋል ብትባሉ ትስቃላችሁ። ሳቁ፣ እኔም መጀመሪያ ስቄያለሁ። ሚስቱማ እንባዋ እስኪመጣ ነው የሳቀችው። የመሥሪያ ቤቱ ሹፌሮች ቢሰሙ ኖሮ ጡረታ እስኪወጣ መሳለቂያ ያደርጉት ነበር። ነገሩን እስከ መጨረሻው የሰማ ግን ሳቁን ይውጣል።

ሥራው አውቶቡስ ማሰማራት ነው። ስሙን የሚጠራው የለም፤ ሹፌሩም ጥበቃውም "ስምሪቱ" ነው የሚሉት፣ እኛም እንደዚያው እንበለው። ቢሮው ከነዳጅ ማደያው አጠገብ ያለች፣ ባለ አንድ መስኮት ክፍል ናት። ሹፌሮቹ በመስኮቷ ወረቀት ያቀብሉታል፣ እሱ ጎማውን፣ ዘይቱን፣ ነዳጁን አይቶ ይፈርማል፣ የግቢው በር ይከፈታል። ከጀርባው ግድግዳ ላይ በገዛ እጁ በቀይ ቀለም የጻፋት አንዲት ማስታወቂያ አለች፦ "የመመለሻ ነዳጅ የሌለው መኪና ከግቢ አይወጣም።" በዚህች ነገር ከእሱ ጋር መከራከር ውሃ መውቀጥ ነው። አንድ ጊዜ አንድ ሹፌር፣ "አለቃ፣ እዚያው ጫፍ ላይ ማደያ አለ እኮ፣ ሞልቼ እመለሳለሁ" ብሎ ለመነው። ስምሪቱ ቀና ብሎም አላየው። "ቢዘጋስ?" አለ። "ቢዘጋማ ተሳፋሪውን አስወርጄ አስገፋዋለኋ" ብሎ ሹፌሩ ጓደኞቹን አሳቀ። መኪናው ግን አልወጣም።

በሃያ ሦስት ዓመት ውስጥ አንድም አውቶቡስ ነዳጅ ጨርሶ መንገድ ላይ ቀርቶበት አያውቅም። ለዚህ ምስክር ወረቀት ሰጥተውታል። ሚስቱ የመሳቢያዋ ወለል ላይ አንጥፋ መቀሷን ታስቀምጥበታለች።

ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት። የስፌት ማሽኗ ሳሎኑ ውስጥ፣ ከመስኮቱ ሥር ነው ያለው። ልጅ አልወለዱም። ከኋላ ባለችው ክፍል የስምሪቱ ታናሽ ወንድም ይኖራል፤ ከጦርነት ከተመለሰ ጀምሮ፣ እነሆ ሃያ ስድስት ዓመቱ፣ ከእነሱ ጋር ነው። ቀን ቀን ፎቶ ኮፒ ቤት ይሠራል። ግራ እጁ ላይ የቀሩት ሁለት ጣቶች ናቸው፤ በእነዚያ ወረቀት ይገልጣል፣ በቀኙ ማሽኑን ይጫናል። ሥራ ላይ ዝምተኛ ነው፣ ቤትም ዝምተኛ ነው። የወንድሙን ሚስት "እትዬ" እያለ የጨርቅ ጥቅሏን ይሸከምላታል፣ ክር በመርፌ ያስገባላታል። እንቅልፍ የለውም እንጂ ሌላ ችግር የለበትም፣ ይሉ ነበር። እንቅልፍ የሌለው ሰው ሌላ ምን ችግር ያስፈልገዋል።

በሃያ ዓመቱ አንድ ኮረብታ ላይ ተከቦ ነበር። ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ሆነው አርባ ቀን ተከበቡ። የወጡት ስድስት ናቸው። ስለዚያ ኮረብታ አንድም ቃል ከአፉ ወጥቶ አያውቅም፤ ሆድ ይፍጀው ብሎ ያዘው። ብቻ ደብተር ላይ ይጽፋል። የሚጽፈው ደግሞ ስለ ኮረብታው አይደለም፣ ስለ አንዲት "ዳርቻ" ስለምትባል ሩቅ ዓለም ነው። ከስምንት ኮከብ ማዶ ያለች፣ የጠላት መርከቦች የከበቧት፣ ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ሰው አርባ ቀን የተጠባበቀባት። ኮረብታውን በስሙ መጥራት ያልቻለው ሰው፣ ሰማይ ላይ ሲሰቅለው እጁ ታዘዘለት። አሥራ አራት ደብተር ሞላ። አሥራ አምስተኛው ላይ ቆመ።

አንድ እሑድ ምሳ ከተነሳ በኋላ ደብተሮቹን አምጥቶ ታላቁ ፊት አስቀመጠ።

"ጋሼ፣ አንድ ነገር ላስቸግርህ" አለ።

"ምንድን ነው?"

"ለእነዚህ ሰዎች እርዳታ ይዞ የሚመጣ የመርከብ ጓድ አለ። መርከቦቹ ተጭነው ቆመዋል። አንተ የመኪና ሰው ነህ፤ መድረስ ይችሉ ነበር ወይስ አይችሉም ነበር? እሱን ሳላውቅ መጨረሻውን መጻፍ አቃተኝ።"

ስምሪቱ ደብተሩን ገለጥ ገለጥ አደረገ። "ተረት አይደለም እንዴ? እንደፈለግህ ጨርሰዋ።"

"እንደፈለግሁማ ብጨርሰው ምን ዋጋ አለው?" አለ ታናሹ። ቀጠለና፦ "መድረስ ካልቻሉ የማንም ጥፋት አይደለም፤ እሱን ባውቅ እተኛለሁ። ከቻሉ ግን አንድ ሰው አለ ማለት ነው።"

"የቱ ሰው?"

"ያልላካቸው።"

አሁን ታናሹ ያኔ የማያውቀውን ልንገራችሁ። ያልላካቸው ሰው ፊት ለፊቱ ተቀምጦ ነበር። ስምሪቱ በጦርነቱ ጊዜ የሃያ ሰባት ዓመት ጎረምሳ ሆኖ፣ ከግንባር ኋላ በአንድ መጋዘን የመኪና ስምሪት ላይ ነበር። ኮረብታ ላይ ለተከበበ አንድ ምሽግ አሥራ ዘጠኝ የጭነት መኪና ዱቄት፣ መድኃኒትና ጥይት ተጭኖ ግቢው ውስጥ ተሰለፈ። ነዳጅ አጠረ፣ የሚያመጣው ቦቴ ደግሞ ዘገየ። አዛዡ በሽተኛ ነበር፤ ከአልጋው ሳይነሳ "የስምሪት ሰው አንተ ነህ፣ ከፈረምክ ይሄዳሉ፣ ካልፈረምክ ይቆያሉ" አለው። አልፈረመም። ቦቴው በከበባው ሠላሳ ስምንተኛ ቀን መጣ፣ መኪኖቹም ያን ቀን ወጡ፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። መንገድ ላይ ሳሉ ምሽጉ መውደቁ ተሰማ። ወንድሙ እዚያ መኖሩን ያወቀው ከሁለት ወር በኋላ፣ ሆስፒታል ሊጠይቀው ሄዶ ነው። የዚያን ቀን ሊናገር አፉን ከፈተ፣ የታሰረውን እጅ አየና ዘጋው። ታናሹ "ያኔ የት ነበርክ?" ሲለው "ኋላ፣ መጋዘን" ይላል። መጋዘን እንደሁ ብዙ ነው።

"ነዳጅ አልበቃም ነበር።" ለራሱ ሃያ ስድስት ዓመት የነገረው ይህንን ነው። ጥርሱን ሲፍቅ ይለዋል፣ ሲፈርም ይለዋል። ነዳጅ አልበቃም። አሁን ታናሹ መጥቶ አስላልኝ ሲለው መጀመሪያ ደነገጠ፤ ቀጥሎ ግን አንድ ነገር ልቡን ቆነጠጠው። እውነት ካልቻሉስ? ቁጭ ብሎ በሐቅ ቢያሰላውና አይቻልም ቢወጣ? ያኔ ታናሹም ይተኛል፣ እሱም ይተኛል፣ የተዘጋውም አፍ እንደተዘጋ ይቀራል። ያ የከዋክብት ጦርነት ለእሱ ፍርድ ቤት ነበር፤ ዳኛውም ተከሳሹም ራሱ መሆኑ ብቻ ነው ክፋቱ።

"በወረቀት ማስላት አይበቃም" አለ። "ጨዋታ አድርገን እንሥራው። ደንብ ያለው።"

ሥራው ሰባት ወር ፈጀ። የድሮ የአውቶቡስ መስመር ካርታዎችን ከመሥሪያ ቤቱ ይዞ መጣና አራቱን በጀርባቸው አጣበቀ። ሰማዩን በስድስት ማዕዘን ክፍልፋይ መሸንሸን ፈለገ፤ በማስመሪያ ሞከረው፣ ተንጋደደበት። በመጨረሻ የአውቶቡስ ጎማ የሚታሰርበት ባለ ስድስት ማዕዘን ዳዶ አምጥቶ ዙሪያውን በእርሳስ እየከበበ አራት መቶ አሥራ ሁለት ክፍል ሣለ። ሚስቱ ጠረጴዛዋ ላይ የቀረውን የግራሶ ክብ ስታይ "ሰማይ ነው ያልከኝ ወይስ ጋራዥ?" አለችው።

የከዋክብቱን ስም ያወጡት ወንድማማቾቹ ናቸው፤ ከብዙ ዓመት በኋላ አብረው የሳቁት ያኔ ነው። የመርከቦቹ መነሻ "ግቢ" ተባለ። ያላየችው ያልሰማችው የሌለ፣ አላፊ አግዳሚውን ሁሉ የምታይ ኮከብ "ጎረቤት" ተባለች። አንዷ ዳይሱ ከከፋ መርከብ ይዛ አንድ ቀን የምታውል ናት፤ "ካልዋላችሁ ሞቼ እገኛለሁ የምትለው አክስታችን ናት በቃ" አለ ታናሹ፣ "አክስት" ተባለች።

በዳይሱ ግን ተከራክረዋል። ስምሪቱ ዕድል የሚባል ነገር አይወድም። "ርቀት ርቀት ነው፣ ነዳጅ ነዳጅ ነው፣ ዳይስ ምን ያደርጋል?" አለ።

"ጋሼ፣ አንተ ተከበህ አታውቅም" አለ ታናሹ። "አጠገቤ የነበረ ልጅ የጫማውን ክር ሊያስር ጎንበስ በማለቱ ጥይት አለፈው። በማግስቱ የሞተው ደግሞ ጎንበስ ብሎ ነው።"

ስለ ኮረብታው የተነፈሰው የመጀመሪያው ነገር ይህ ነበር። ስምሪቱ ተነስቶ ሄዶ ከሱቅ ሉዶ ገዛና ዳይሱን አወጣ።

የጠላት መርከቦች ጥቁር ቁልፎች ሆኑ። የእርዳታዎቹ ነጭ የሸሚዝ ቁልፎች ናቸው፤ እያንዳንዳቸው በአንድ ቆርኪ ላይ ተቀምጠው፣ ቆርኪው ውስጥ ነዳጃቸው አለ። ነዳጁ ምስር ነው። አንድ ፍሬ ምስር አንድ ኮከብ ታስኬዳለች። ቦቴዋ ትልቅ የካፖርት ቁልፍ ናት። የተከበቡትን ስምሪቱ በሃያ አንድ ዶቃ ሊወክላቸው አስቦ ነበር፣ ለአሥር ሰው አንድ ዶቃ። ታናሹ እምቢ አለ። "ሰው በአሥር አይቆጠርም" ብሎ ሁለት መቶ አሥራ ሁለት የክብሪት እንጨት ቆጥሮ አመጣ።

ነጮቹ መርከቦች ስንት እንደሆኑ ደብተሮቹ ላይ አልተጻፈም። ቁጥሩ መግባት ባለበት ቦታ ሁሉ ባዶ ሰረዝ ነው ያለው። ስምሪቱ አሥራ ዘጠኝ ቁልፍ ቆጠረ። አሥራ አምስት ማድረግ ይችል ነበር፤ ሃያ ማድረግ ይችል ነበር። የሐሰት ቁጥር ግን እጁ ጽፎ አያውቅም።

ደንቡ አሥራ ስድስት ገጽ ሆነ። ታናሹ በፎቶ ኮፒ ቤቱ ሁለት ቅጂ አባዝቶ፣ በሽቦ ሰፍቶ አመጣው። አንድ ነገርም አስጨመረ፦ "የተከበበ ሰው ማዶውን አያይም።" ስለዚህ የጨርቅ መጠቅለያ ካርቶን ጠረጴዛው መሃል ቆመ። ወዲህ ታናሹ ዳርቻን ይዞ ከክብሪቶቹ ጋር ይቀመጣል። ወዲያ ስምሪቱ መርከቦቹን፣ ቦቴዋንና የጠላትን ዳይስ ይዞ ይቀመጣል። ሚስቱም በዚያው በእሱ በኩል፣ ከማሽኗ ኋላ ናት።

ጨዋታው እንዲህ ነበር። መርከቦቹ በሃያ አምስተኛው ቀን አሥር አሥር ምስር ይዘው፣ ጭነታቸውን ጨርሰው ግቢ ይቆማሉ፤ ቦቴዋ ትጠበቃለች። ስምሪቱ ከካርቶኑ ማዶ ሆኖ በየተራው ቀኑን ይናገራል።

"ቀን ሃያ ስድስት። የሚመጣ የለም።"

ታናሹ ዳይስ ይጥላል፣ ውሃ ያከፋፍላል፣ የሞቱትን ክብሪቶች አንስቶ ወደ ጎን ያጋድማል።

"ቀን ሃያ ሰባት። የሚመጣ የለም።"

ቦቴዋ ዳይሱ እጅግ ከቀናት በሠላሳ ስድስተኛው ቀን ትደርሳለች፤ ከዚያ የስምንት ቀን መንገድ አለ። ዳርቻ እስከ አርባ አራተኛው ቀን መቆየት አለባት ማለት ነው። መጀመሪያ ጊዜ በአርባኛው ቀን ወደቀች። በሚቀጥለው እሑድ በሠላሳ ዘጠነኛው። ታናሹ ውሃውን ቆጥቦ፣ ጥይቱን ቆጥቦ፣ ቁስለኛውን ወደ ዋሻ አስገብቶ፣ ያኔ በሃያ ዓመቱ ያላወቀውን ብልሃት ሁሉ ተጠቅሞ አንድ ጊዜ አርባ ሦስተኛው ቀን ድረስ አቆያት። አንድ ቀን ቀረው። ያን እሑድ ራት አልበላም።

ሠላሳ እሑድ ተጫወቱ፣ ሠላሳውንም ዳርቻ ወደቀች። በየጊዜው ስትወድቅ፣ ይግረማችሁ፣ ሁለቱም ቀለል እያላቸው መጣ። "አይቻልም ነበር ማለት ነው" ይላል ታናሹ ካርቶኑን እያየ። "አይቻልም ነበር" ይላል ስምሪቱ። ታናሹ መተኛት ጀመረ። ኮረብታውን በስሙ ጠራው፤ የሬዲዮ ኦፕሬተራቸው ሲዘፍን ውሻ ያስጮህ እንደነበር አወራና አሳቃቸው። ወፈረ፤ እትዬው ሱሪውን ሁለት ጣት አሰፋችለት። አሥራ አምስተኛውን ደብተር ከፍቶ ዘጠኝ ገጽ ጻፈ። ስምሪቱ ደግሞ ወንበሩ ላይ ጀርባውን አስደግፎ መቀመጥ ለመደ። እኔ እንኳ ይኼ ሰው ዳነ ብዬ ነበር። የማይድን ሰው አንዳንዴ እንዲህ ያታልላል።

ሠላሳ አንደኛው እሑድ ላይ ነው። ቀን ሠላሳ ሁለት፣ የሚመጣ የለም። ሚስቱ የአንድ ቀሚስ ጫፍ እየቀመቀመች ጠረጴዛውን ታይ ነበር። ወራት ሙሉ ስታየው የከረመችው አንድ ነገር አላስችል አላት።

"እኔ የምለው፣" አለች፣ "ይኼ ምስር ግን ሥራው ምንድን ነው? ሁልጊዜ እንደሰጠኋችሁ ነው የምትመልሱልኝ። አንድ ፍሬ እንኳ ተነስቶ አያውቅም።"

"ነዳጅ ነው አልኩሽ እኮ" አለ ስምሪቱ።

"እሱንማ አውቃለሁ። አንዷ ምስር ስንት ታስኬዳለች?"

"አንድ ኮከብ።"

"ዳርቻ ድረስ ስንት ኮከብ ነው?"

"ስምንት።"

"እነዚህ ታዲያ አሥር አሥር አላቸው።" በመርፌዋ ወደ ቆርኪዎቹ ጠቆመች። "ምን ይጠብቃሉ?"

"መመለሻስ?" አለ ስምሪቱ።

ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ቃሉን ራሱ ሲሰማው ምስሩ ላይ ዓይኑ ፈጠጠ። እሱ በሃያ ስድስት ዓመት ውስጥ ነዳጁ አልበቃም ሲል ለምን እንዳልበቃ መጠየቅ ትቶ ነበር። ለመሄድ ይበቃ ነበር። ለመሄድማ ተርፎም ነበር።

ካርቶኑ ቀስ ብሎ ተነሳ። ታናሹ ከወዲያ በኩል ያለውን ለመጀመሪያ ጊዜ አየ፤ የተሰለፉትን ነጭ ቁልፎች፣ ምንም ያልተነካ ምስራቸውን። የደንቡን ደብተር አነሳ። በሁለት ጣቱ አሥራ ስድስቱንም ገጽ አንድ በአንድ ገለጠ።

"የመመለሻ የሚል እዚህ የለም" አለ።

"አልጻፍኩትም። ያው የታወቀ ነው።"

"ማን ጋ ነው የታወቀው?"

መልሱ ቢሮው ግድግዳ ላይ በቀይ ቀለም ነው የተጻፈው።

"ከሃያ አምስተኛው ቀን እንጀምር" አለ ታናሹ። "ነጮቹን እኔ ልያዝ።"

"ተረት እኮ ነው።"

"አውቃለሁ። እንጫወት።"

ተጫወቱ። ታናሹ አሥራ ዘጠኙንም በአንዴ አስወጣቸው። በየኮከቡ አንዳንድ ምስር እያነሳ እትዬው መዳፍ ላይ ያስቀምጣል። ጎረቤት አየቻቸው፣ ጠላት መጣ፣ ዳይሱ ሦስቱን በላ። አክስት ይዛ አንድ ቀን አዋለቻቸው፤ ለዚያም አንዳንድ ምስር ሄደ። በሠላሳ አራተኛው ቀን አሥራ ስድስት ነጭ ቁልፎች፣ አንዳንድ ምስር ተርፏቸው ዳርቻ ገቡ።

ታናሹ የቆሙትን ክብሪቶች ቆጠረ። ፈጥኖ መቁጠር አይችልም፤ ግራ እጁ ሁለት ጣት ነው ያለው። ባልና ሚስቱ ጣቶቹን እያዩ ጠበቁት።

"መቶ አራት" አለ።

ስምሪቱ ካርታውን ማጠፍ ሲጀምር ታናሹ እጁን ያዘው።

"ጋሼ፣ አሥራ ዘጠኝ ያልከው ለምንድን ነው?"

"እንዲሁ። ቁጥር መግባት ነበረበት።"

"ደብተሬ ላይ ባዶ ነው የተውኩት።"

"ለዚያ እኮ ነው የሞላሁት።"

"ስማኝ" አለ ታናሹ። ድምፁን ከፍ አላደረገም። "በሃያ አምስተኛው ቀን ያ የሬዲዮ ኦፕሬተር ጆሮዬ ላይ ተጠግቶ አንድ ነገር ነገረኝ። አሥራ ዘጠኝ መኪና ተጭኖ ቆሟል፣ ለማንም እንዳትናገር፣ ተስፋ አድርገው ጥይት ያባክናሉ አለኝ። በማግስቱ ሞተ። አሥራ አምስት ቀን መኪኖቹን ብቻዬን ጠበቅኋቸው። ከዚያ ወዲህ ቁጥሩን ለሰው አልተነፈስኩም፣ ደብተር ላይም አልጻፍኩም። ማን ነገረህ?"

መዋሸት ይቻል ነበር። ደርዘን ተኩል ላይ አንድ ብጨምር ነው፣ ከቁልፍ ሳጥኑ የወጣው እሱ ነው፣ ምን የማይባል ነገር አለ። ሚስቱ በዓይኗ እንዲዋሽ ለመነችው፤ ምን እንደሆነ ባታውቅም ለመነችው።

"ማንም አልነገረኝም" አለ ስምሪቱ። "ቆሜ ቆጥሬያቸዋለሁ። ወረቀታቸው እኔ እጅ ነበር።"

ታናሹ እጁን ከእጁ ላይ አነሳ።

"አንተ እዚያ መሆንህን አላወቅሁም" አለ ስምሪቱ። "በእናታችን፣ ባውቅ ኖሮ..."

"ሌሎቹስ?" አለ ታናሹ። "የማንም ወንድም አልነበሩም?"

ቢሳደብ፣ ካርታውን ቢቀድ፣ ዱላ ቢያነሳ ይሻል ነበር። መቶ አራቱን ክብሪቶች ሰብስቦ ሳጥናቸው ውስጥ ከተተ፣ ሳጥኑን ደረት ኪሱ ውስጥ አስገባ፣ ወንበሩን ወደ ጠረጴዛው መልሶ ገፋና ወደ ክፍሉ ገባ። በሩን እንኳ ቀስ ብሎ ነው የዘጋው።

ሰኞ ዕለት ዕቃውን ጠቅልሎ ፎቶ ኮፒ ቤቱ ጀርባ ወዳለች የወረቀት ማስቀመጫ ገባ። እትዬው በር ላይ ይዛው አለቀሰች፣ "በእኔ ይሁንብህ፣ ምነው አፌን በቆረጠው" አለች። "አንቺ ምን አደረግሽ፣ እትዬ" ብሎ ጉንጯን ሳማት። አሥራ አምስተኛውን ደብተር አልጋው ላይ ትቶት ሄዷል። የተጻፉት ዘጠኝ ገጾች ተቀድደው የሉም፤ የቀረው ባዶ ነው። አሁን በወር አንድ ጊዜ፣ ወንድሙ ሥራ በሚሆንበት ሰዓት፣ እሷን ሊጠይቅ ይመጣል። ሱሪው እንደገና ሰፍቶታል። አንድ ቀን ደጃፍ ላይ ከስምሪቱ ጋር ተገጣጠሙና፣ መንገድ ለቆለት "እንደምን ዋሉ?" አለው። ጋሼም አላለው። ስምሪቱ "ደህና" ብሎ ገባ፤ ጫማውን ሳያወልቅ አልጋው ላይ ተቀመጠ።

ሰው አጥፍቶ ሲያውቅ ይቅርታ ይጠይቃል ይባላል። ከማን? መቶ አራቱን የት አግኝቶ?

ባለፈው እሑድ ስምሪቱ ካርታውን አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋው። ካርቶን የለም፣ ጠላት የለም፣ ዳይስም አልያዘም። አሥራ ዘጠኙን ነጭ ቁልፎች ግቢ ላይ አሰለፈ፣ አሥር አሥር ምስር ቆጥሮ ሰጣቸው። ሚስቱ ማሽኗን አቁማ ታየው ጀመር።

አስወጣቸው። አንደኛውን ኮከብ አለፉ፣ ሁለተኛውን አለፉ። አክስትም አላዋለቻቸው። አምስተኛው ላይ ደረሱ፤ በየቆርኪው አምስት አምስት ምስር ቀረ። እዚያ ላይ እጁ ቆመ።

"ሂድ እንጂ" አለችው ሚስቱ ቀስ ብላ።

"እሄዳለሁ" አለ።

በመስኮቱ የገባው ፀሐይ ጠረጴዛውን ጨርሶ እስኪለቅ ድረስ እጁ ቁልፎቹ ላይ ነበር። ሦስት ኮከብ ነው የቀረው፤ የሚከለክለውም ደንብ የለም፣ አሥራ ስድስቱንም ገጽ በቃሉ ያውቀዋል። ከዚያ አንዷን ቁልፍ ያዘና ወደ ኋላ፣ ወደ አራተኛው ኮከብ መለሳት። ሁለተኛዋንም መለሳት። እያንዳንዷ በደረሰችበት አንዳንድ ምስር እያነሳ ሳህን ላይ ያኖራል። ሚስቱ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

የመጨረሻዋ ስትገባ ምስሩ ልክ አለቀ። አሥራ ዘጠኙም ግቢ ገቡ፤ አንዲትም መንገድ ላይ አልቀረችበትም።